የአባቴ በሬ ሥጋ በልቷል የተባለበት ጊፋታ

ምላሴ አያርፍም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ምነው ዝም ብትይ ኖሮ!» እንዳትሉኝ ነው። እናቴ ብላኛለች፣ አክስቶቼ በየተራ ብለውኛል፣ በሬውም አንደበት ቢኖረው ሳይለኝ አይቀርም ነበር።

ያኔ ሶዶ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። አባቴ አቶ አንጁሎ ሰው ባገኘ ቁጥር «ምሕረት ዶክተር ልትሆን ነው» ይላል። «የምን ዶክተር?» ሲሉት ደግሞ ሳያፍር «የጭራ» ብሎ ይመልሳል። አልዋሸም። ጥናቴ ከብቶች ምን ሲበሉ እንደከረሙ ከጭራቸው ፀጉር ማወቅ ነበር።

ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። እንስሳ የበላው ነገር ሥጋም፣ ቀንድም፣ ፀጉርም ይሆናል። ምግብ ውስጥ ያለው ካርቦን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ እነዚህን ነው አይሶቶፕ የምንላቸው። ሣርና በቆሎ ከባዱን በርከት አድርገው ይይዛሉ፤ እንሰት፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ ደግሞ ያንሳቸዋል። ፀጉሩን ቆራርጦ በማሽን ያስለካ ሰው በሬው ከየትኛው ወገን እንደበላ ያውቃል። ፀጉር ከሥሩ ስለሚያድግ ደግሞ የጭራው ጫፍ የቆየውን ወር፣ ሥሩ የቅርቡን ይናገራል። ማሽኑ ግን እኛ ዘንድ ስለሌለ ናሙናው ባሕር ማዶ ይላካል፤ እኛም ሻይ እየጠጣን ወራት እንጠብቃለን።

ቤታችን ከሻንቶ ወጣ ብሎ ነው። በእኛ ሰፈር ጎረቤቶች ለጊፋታ፣ ማለትም ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በማኅበር በሬ ያርዳሉ። በሬውን አንዱ አባል በተራው ቤቱ ውስጥ አስሮ ያደልባል። የሚደለብ በሬ እንደ ክቡር እንግዳ ነው፤ ምግቡ እፊቱ ይቀርብለታል፣ ከሥሩ ይጠረግለታል፣ ዓይን እንዳይበላውም ለውጭ ሰው አይታይም። በበዓሉ ቀን ሥጋው በዳታ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ እየተጠቀሰ ሲበላ፣ ስለ አድላቢው ይወራል። ከዓመታት በፊት ከሲታ በሬ ያቀረበ አንድ ሰው አለ፤ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ እንኳ «የከሲታው በሬ ባለቤት መጣ» ነው የተባለው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም አይለቅም።

በዚያ ዓመት ተራው የአባቴ ነበር። በሬው ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረው ቦራ እንለዋለን። አባቴ በጥር ከቢጠና ቆላ ከሣር ላይ አምጥቶት፣ ከዚያ ወዲህ ከጓሯችን ስኳር ድንችና እንሰት በቀር ምንም አላቀመስኩትም እያለ ይምላል። በሐምሌ ቤት በመጣሁ ጊዜ ከቦራ ጭራ ጥቂት ፀጉር ቆረጥኩ። ጎረቤታችን አቶ ዳናም ቤት ሄጄ ከእሳቸው በሬ ቆረጥኩ። ከሁለቱም ቤት ጓሮ ደግሞ ቅጠል ለቃቀምኩ፤ የእኛን «ቤት አንድ»፣ የእሳቸውን «ቤት ሁለት» ብዬ ጻፍኩበት። አቶ ዳና የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የአባቴም የልብ ተቀናቃኝ ናቸው። ሁለቱ ሳይተያዩ አይውሉም፤ ሲተያዩም ሳይከራከሩ አይለያዩም።

ውጤቱ የመጣው በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ከሶዶ ወደ ቤት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። አማካሪዬ ዶክተሩ በስልክ ልኮልኛል። የቅጠሎቹ ገና ነው፣ የፀጉሮቹ ግን ደርሷል። ቶሎ ብዬ የካርቦኑን አየሁ። አባቴ ያለው ቁጭ ብሏል! ጫፉ ሣር፣ ከጥር ወዲህ ያለው የስኳር ድንችና የእንሰት። ከደስታዬ ብዛት አጠገቤ ለተቀመጠች ዶሮ ለያዘች ሴትዮ ስለ ካርቦን አስረዳኋት። ሴትየዋ ዶሮዋን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች።

ቤት ስደርስ የማኅበሩ ሰዎች ደጃችን ላይ ተሰብስበዋል። ለካ አባቴ በስልክ ስነግረው ውጤቱ በአደባባይ እንዲነበብለት ሁሉንም ጠርቷል! ጸሎት ተደረገ። እኔም ቆሜ አነበብኩ።

«ቦራ ከጥር ወዲህ የበላው ስኳር ድንችና እንሰት ነው» አልኩ። ተጨበጨበ። አባቴ ኮቱን አስተካከለ።

ይህን ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። አቶ ዳና ግን ስልኬ ላይ አጎንብሰው «ይኼ ሌላኛው ዓምድ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ናይትሮጅን ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ይናገራል?»

እኔ ደግሞ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። «ማን ማንን እንደበላ ይናገራል» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ከባዱ ናይትሮጅን ሣር ላይ ዝቅ ይላል። ሣር የሚበላው በግ ከሣሩ ከፍ ይላል። በጉን የሚበላው ጅብ ደግሞ ከበጉም ከፍ ይላል። እንዲያውም ዶክተሩ ስለ ጅብ ስለሚያጠና የጅብ ፀጉር አብሮ ተልኮ ነበር፤ ይኸውና ቁጥሩ።»

«የቦራስ?»

ወረድ ብዬ አየሁ። የቦራ ጫፉ ላይ፣ ቆላ በነበረበት ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም በሬ ዝቅ ያለ ነው። ከጥር ጀምሮ ይወጣል፣ ይወጣል... አንድ ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያስላል፣ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ ይላል። እኔ ግን ያየሁትን ተናገርኩ።

«ወደ ጅቡ... ጠጋ ብሏል።»

ከቤት ውስጥ የቦራ ማመስኳት ብቻ ይሰማል።

«ማለት» አሉ አቶ ዳና ቀስ ብለው፣ «አንጁሎ ቤት ከገባ በኋላ ሥጋ በልቷል ማለት ነው?»

«እ... ከቁጥሩ ስነሳ እንደዚያ ይመስላል።»

ጉድ ፈላ። አንዱ ሰውዬ ምራቁን ተፋ። ሌላው «ሥጋ የበላ በሬ ልጆቼን አላበላም» ብሎ ተነሳ። አንዱ ደግሞ ቦራ ባለፈው ሲያየው ዓይኑ እንግዳ ሆኖበት እንደነበር አሁን ትዝ አለው። አቶ ዳና እጃቸውን አነሱ። «ነገ እንመካከር። ካልሆነ ከነገ ወዲያ የቦዲቲ ገበያ ነው፣ ሌላ በሬ እንፈልጋለን።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። እኔ «ውሸት ነው! ይቺ ልጅ አብዳለች!» እስኪል ጠበቅሁ። ቢለኝ በወደድኩ። አባቴ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እንዲህ አለ፦

«ልጄ ካለች ልክ ነው። በሬዬ ሥጋ በልቷል። ማን እንዳበላው እኔ እደርስበታለሁ።»

እንግዲህ ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠየቀችው እናቴ ናት።

«አስቴር፣ እውነቱን ንገሪኝ። የወጥ ትራፊ ሰጥተሽዋል?»

«የወጥ ትራፊ?» እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ቤት የወጥ ትራፊ አይተህ ታውቃለህ?»

ቀጥሎ ውሻችን ተከሰሰ። ግርግሙ አጠገብ አንድ የቆየ አጥንት ተገኝቶበታል። አባቴ አጥንቱን አገላብጦ አየና ለቦራ አስሸተተው። ቦራ ፊቱን አዞረ። «ያስመስላል» አለ አባቴ። ከዚያ የቦራን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን በስልክ መብራት መረመረ። «አይጥ ገብቶ ከእንሰቱ ጋር አብሮ አኝኮት ይሆን? ምሕረት፣ አይጥ ይቆጠራል?»

«አባዬ፣ በአንድ አይጥ እንዲህ አይወጣም።»

«ብዙ አይጥ ቢሆንስ?»

ከት ብዬ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። አባቴ ከጥር ጀምሮ ያን በሬ ከራሱ አስቀድሞ ሲያበላ ኖሯል። ምን እንዳበላው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዲያም ሆኖ ግርግሙ ሥር ተንበርክኮ የራሱን ቤት እንደ ሌባ ቤት ይፈትሻል። ለምን? እኔ ስላልኩ። ቀና ብሎም «ምናልባት እኔ ራሴ ሳላውቅ...» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ጠዋት አንገቴን ደፍቼ እናቴን ላግዛት ወጣሁ። ሥራው ከበረቱ የወጣውን ፍግ በቅርጫት ተሸክሞ ዳርኮዋ ላይ መበተን ነው። ዳርኮዋ ቤት ሥር ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ እንሰቱም፣ ስኳር ድንቹም፣ ጎደሬውም እዚያ ይበቅላል። አያቴ ፍግ ሲያለብሰው ኖሯል፣ የአያቴ አባትም እንደዚሁ። እናቴ ከክምሩ ሥር የቆየውን ስትዝቅ ሽታው እንደ ሽንኩርት ዓይኔን አስለቀሰኝ።

እንባዬን እየጠረግሁ «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አሞንያ ነው። አሞንያ ምንድን ነው? ናይትሮጅን! ከፍግ ውስጥ ሽታ ሆኖ የሚበረው ቀላሉ ናይትሮጅን ይበዛል፤ ከባዱ ወደኋላ ይቀራል። የቀረውን አፈሩ ይጠጣዋል፣ ከአፈሩ ስኳር ድንቹ፣ ከስኳር ድንቹ...

«ቦራ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ቅርጫቷን ጣለች። «እባብ ነው?»

«እማዬ፣ ቦራ ሥጋ አልበላም! ጓሯችን ነው ጅብ!»

«ኢየሱስ ጌታ!» አለች እናቴ ግንባሬን እየዳሰሰች።

እየበረርኩ ወደ አባቴ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ያ አጥንት አሁንም አጠገቡ አለ። በአንድ ትንፋሽ አስረዳሁት። ይዘላል ብዬ ስጠብቅ ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ ትናንት ያልሺው ሌላ ነበር።»

«ቁጥሩ ያው ነው አባዬ። የተሳሳተው እኔ የፈታሁበት መንገድ ነው።»

«እንዲህ የምትይው እኔን አይተሽ ነው» አለኝ። «አዝነሽልኝ ነው። በሬ በሬ ነው፣ ሌላ ዓመት ይደልባል። ለእኔ ብለሽ ትምህርትሽን አታጣሚ።»

ስሙ ከሚጠፋ ትምህርቴ ቢጣመም የሚብስበት አባት ፊት ቆሜ ምን ልበል? ትናንት ስላመነኝ ዛሬ እውነቱን ስነግረው አያምነኝም። ማስረጃ ያስፈልገኛል፤ ማስረጃው ደግሞ በሐምሌ የለቀምኳቸው ቅጠሎች ናቸው። ስኳር ድንቹ ራሱ ከፍ ካለ ቦራ ነፃ ነው። ዝቅ ካለ ግን አባቴም አለቀለት፣ እኔም አለቀልኝ።

ኔትወርክ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ዶክተሩ አነሳ፤ ወደ ሐዋሳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

«ዶክተር፣ የቅጠሎቹ ውጤት ደርሷል?»

«ኢሜይል የመጣ መሰለኝ፣ አልከፈትኩትም። ምነው፣ ምን ያስቸኩላል?»

«በሬያችን ሊገለል ነው!»

«ምን?»

«ከማኅበር!»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ብሠራ አልገባ አለ። ሲመሽ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ደጃችን ላይም አልፎ አልፎ ኔትወርክ የሚገባባት አንዲት ቦታ አለች፤ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ መቆም ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እዚያ እንደ ባንዲራ እንጨት ቆሜ ዋልኩ።

ሰዎቹ መጡ። ተጸለየ። አባቴ ቀድሞ ተነሳ። «አላስቸግራችሁም» አለ። «ያበላውን አላገኘሁትም፤ ልጄ ግን አትዋሽም። ወደ ቦዲቲ ሂዱ። ቦራን እኔ...» ብሎ ተቀመጠ። አቶ ዳና እንኳን መሬት መሬት አዩ። የሚቀናቀኑት ሰው እንዲህ ሲወድቅ ማየት እንዳልጣማቸው ያስታውቃል።

ስልኬ ያን ጊዜ ጠራ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ወደ መሃል ሮጥኩ፣ ኔትወርኩ ሄደ፣ ወደ አቮካዶው ተመለስኩ። «ሁላችሁም ወደዚህ ኑ!» አልኩ። ሽማግሌ ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ።

«ዶክተር፣ ብዙ ሰው እየሰማዎት ነው። የስኳር ድንቹን ይንገሩኝ።»

ዶክተሩ ወላይትኛ ስለማይሰማ በአማርኛ ነው የምናወራው። «ስኳር ድንቹ...» ወረቀት ይሁን ነፋስ ተንኮሻኮሸ። «ቆይ፣ ቤት አንድ አይደለም? ይኼማ በጣም ከፍተኛ ነው። እንሰቱም እንደዚሁ። ምሕረት፣ ይህ ጓሮ ዕድሜ ልኩን ፍግ ሲበላ የኖረ መሆን አለበት። ከዚያ የበላ እንስሳ ሥጋ ሳይቀምስ ሥጋ በል ይመስላል። አንቺ መቼም ይህን ሳትገምቺ አትቀሪም።»

«ገምቻለሁ» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ መሆኑን አልጨመርኩም።

አቶ ዳና ተጠጉ። አማርኛ ሲናገሩ በሬ ሴት ይሆንባቸዋል። «ዶክተር፣ በሬዋ ሥጋ አልበላችም?»

«አልበላም፣ አባቴ። እንዲያውም ስታነጻጽሩት የቤት ሁለት ስኳር ድንች በጣም ዝቅ ያለ ነው። እነሱ ፍግ ትተው የፋብሪካ ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ይመስለኛል።»

ከሰፈሩ ቅጠል የለቀምኩት ከሁለት ቤት ብቻ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ጓሮዬን ከፍግ በቀር አላቀመስኩትም እያሉ ለዓመታት ሲፎክሩ የኖሩት ማን እንደሆኑም እንዲሁ። ዓይን ሁሉ ወደ አቶ ዳና ሄደ።

«ኔትወርኩ ተቆራረጠ» አሉ አቶ ዳና። «ዝጊው።»

ሳቁ እስከ ሻንቶ ሳይሰማ አይቀርም። ምራቁን የተፋው ሰውዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ዓይኑ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር ያለውም ቦራን ግንባሩን ሊያሻሽ ገባ። አባቴ ግን አልሳቀም። መጥቶ አጠገቤ ቆመና በጆሮዬ «እንግዲያው ጠዋት ያልሺኝ እውነት ነበር?» አለኝ።

«እውነት ነበር።»

«እኔ ግን አላመንኩሽም» አለና፣ በሰው ፊት የማያደርገውን፣ እጄን ያዘ። አለቀስኩ። ፍጉ አጠገቤ ስላልነበረ የማመካኝበት አልነበረኝም።

ቦራ በጊፋታ ታረደ። ጮማውን በዳታ እያጠቀሱ ከሁሉም ቀድመው የጀመሩት፣ ከሁሉም ኋላ የጨረሱትም አቶ ዳና ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ ያ በሬ ሕይወቴን ቀየረው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥናቴን ከጭራ ወደ ጓሮ አዞርኩ፤ ዛሬ የምሠራው እንስሳው የበላው ነገር ራሱ ምን በልቶ እንዳደገ መጠየቅ ነው። ከዚህ የበለጠ የተቀየረው ግን አፌ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብሳሳት የምጎዳው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚያምናችሁ ሰው ካለ ግን ስሕተታችሁን ተሸክሞ የራሱን ቤት ሲፈትሽ ያድራል። ስለዚህ አሁንም አወራለሁ፣ ያውም ብዙ፤ ግን ቁጥር ይዤ አፌን ከመክፈቴ በፊት «ይህን አባቴ ቢያምነው ምን ያደርጋል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

በኋላ ላይ፣ ለጉጉት ያህል፣ እስከ ወገቤ ከሚደርሰው ከራሴ ፀጉር ጥቂት ቆርጬ ከናሙናዎቹ ጋር ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የእኔም ተነበበ።»

«ምን በልተሻል?»

«ጫፉ ላይ ልክ እንደ ቦራ ነኝ። ወደ ሥሩ ሲመጣ ግን እየወረደ፣ እየወረደ ይሄዳል።»

«መውረድ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከቤት ወጥቼ ሶዶ የካፌ ምግብ መብላት የጀመርኩ ጊዜ።»

ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ ድምፁ መጣ። «ይኼማ ይስተካከላል» አለኝና ዘጋው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሻንቶ የሚመጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አፉ የተሰፋ ጆንያ ይደርሰኛል፤ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሁሉም ያ ጥቁር አፈር እንደነካው። እየበላሁ ነው። ፀጉሬም ከሥሩ እያደገ ነው፤ ለመቁረጥ አልቸኮልኩም።